ለማረጥ ሙቀት የፈረንጅ ዕፀዋት፦ የምታውቁ እህቶች ምከሩኝ

ፀዳለ_ፍራንክፈርት

ሰላም እህቶቼ፣ እንዴት ናችሁ?

ዕድሜዬ ወደ 50 ተጠግቷል። የወር አበባዬ ካየሁት ቆየ። ሐኪሜም ማረጥ መሆኑን ነግራኛለች። ያስቸገረኝ ሙቀቱ ነው። ሥራ ላይ እያለሁ ከደረቴ ይነሳና ፊቴን ያነደዋል። ሌሊት አንሶላው በላብ ይርሳል፣ ወዲያው ብርድ ይመጣል፣ ከዚያ እንቅልፍ የለም። ጠዋት ሰው ሁሉ ያናድደኛል።

ሐኪሟ ሆርሞን ልጻፍልሽ አለችኝ። ስለ ጡት ካንሰር የሰማሁት ስላለ ፈራሁ። ፋርማሲ ስጠይቅ ደግሞ ብላክ ኮሆሽ የሚባል ከሥር የተሠራ ክኒን አሳዩኝ። አንዷ ጓደኛዬ "ተአምር ነው" ትላለች። ሌላዋ "ጉበት ይጨርሳል" ትላለች። አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እህቴም ሰምታ "ለእኔም ላኪልኝ፣ የሴቶች ሻይ የሚባለውንም ጨምሪ" ብላለች። እሷ የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች።

የሞከራችሁ ወይም በሙያው ያላችሁ፣ እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

መድኃኒት_ቤት

ፀዳዬ፣ እኔ እዚሁ ጀርመን ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ያሳዩሽን ክኒን በየሳምንቱ እሸጣለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ተክሉ የሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጫካ ተክል ነው። የአገሩ ቀደምት ሕዝቦች ሥሩን ለመገጣጠሚያ ሕመምም ለሴቶች ችግርም ይጠቀሙበት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ሐኪሞች ከእነሱ ተማሩት። ጀርመን ውስጥ ከ1956 ጀምሮ ሬሚፌሚን በሚል ስም ይሸጣል። ስለዚህ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም።

ይሠራል ወይ ላልሽው፣ ጥናቶቹ እርስ በርስ አይስማሙም። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት 351 ሴቶችን ለአንድ ዓመት የተከታተለ ጥናት በ2006 ወጥቶ ነበር። ብላክ ኮሆሽ የወሰዱት፣ ምንም መድኃኒት የሌለበት መሳይ ክኒን ከወሰዱት አልተሻሉም። ሆርሞን የወሰዱት ግን በግልጽ ተሽሏቸዋል። በ2012 ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ድርጅት 16 ጥናቶችን፣ በድምሩ 2,027 ሴቶችን አንድ ላይ አይቶ ለማረጥ ምልክቶች ይጠቅማል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ደግሞ ለማረጥ ሙቀትና ላብ ተቀብሎታል። የማይስማሙበት አንዱ ምክንያት ምርቱ ራሱ ስለሚለያይ ነው። ሥሩ በምን ተነክሮ እንደወጣ፣ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ፣ ሁሉም የየራሱ ነው። ሌላው፣ ይህ ሙቀት በባዶ ክኒንም ቢሆን በብዙ ሴቶች ላይ ይቀንሳል። ያንን ለይቶ ማየት ከባድ ነው።

ስለ ጉበት የተባለው መሠረት አለው። ብርቅ ነው፣ ግን በተለያዩ አገሮች የጉበት ጉዳት ሪፖርት ተደርጓል። በ2006 እንግሊዝም አውስትራሊያም ማሸጊያው ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አደረጉ። ስለዚህ ጉበትሽ ቀድሞ ታሞ ከነበረ አትንኪው። ከጀመርሽ በኋላ ከባድ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ከሆድሽ በላይ በኩል ሕመም፣ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም የሽንት መጥቆር ካየሽ የዚያኑ ቀን አቁመሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። ያለ ሐኪም ምክር ከ6 ወር በላይም አይወሰድም። የጡት ካንሰር ታክማ የምታውቅ ሴት ደግሞ ካንሰሯን የሚከታተለውን ሐኪም ሳትጠይቅ መጀመር የለባትም።

የምትገዢ ከሆነ ከፋርማሲ፣ የመድኃኒት ምዝገባ ቁጥር ያለውን ግዢ። ከኢንተርኔት የሚመጣው ርካሽ ዱቄት ውስጥ የሌላ ዝርያ ሥር ተቀላቅሎ ሲገኝ ታይቷል።

ጋሻው_ሊን

ሰላም እህቶች። ባለቤቴ በዚሁ ጉዳይ ስትቸገር አብሬያት ማንበብ ጀምሬ ነው እዚህ የደረስኩት። የምኖረው ማሳቹሴትስ፣ ሊን ከተማ ነው። ይቺ ከተማ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አላት።

ሊዲያ ፒንካም የምትባል ሴት እዚህ ነበረች። በ1819 ነው የተወለደችው። ወጥ ቤቷ ውስጥ ሥርና ቅጠል ቀምማ ለጎረቤት ሴቶች በነፃ ትሰጥ ነበር። በ1873 አሜሪካን የመታው የገንዘብ ቀውስ ባሏን አከሰረው። ልጆቿ "ለምን አንሸጠውም" አሉ። በ1875 መሸጥ ጀመሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የራሷን ፎቶ ማሸጊያው ላይ አደረጉት። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ፊቷ በብዛት ከታወቀ ሴቶች አንዷ ሆነች።

ውስጡ ምን ነበር? ብላክ ኮሆሽ አለበት። ሌሎች የአሜሪካ ሥሮችም አሉበት። እኔን የገረመኝ ግን አብሽ መኖሩ ነው። እናቶቻችን ለአራስ የሚያፈሉት አብሽ! ከአብሹ ጋር ደግሞ ከመቶ 18 ገደማ አልኮል ነበረው። እሷ "ለማሟሚያና እንዳይበላሽ" ነው የምትለው። በ1906 የወጣው የምግብና መድኃኒት ሕግ የአልኮሉን መጠን ማሸጊያው ላይ እንዲጽፉ እስኪያስገድድ ድረስ ብዙ ገዢ አያውቀውም ነበር።

ሰዎች አጭበርባሪ ናት ብለው ያልፏታል። እኔ እንደዚያ አላይም። የዘመኗ ሐኪሞች ለሴት ሕመም የሚያደርጉትን ስታነቡ ትደነግጣላችሁ። ደም ያፈሱ ነበር፣ ጤነኛ ኦቫሪ ቆርጠው ያወጡ ነበር። ሴቶች ስለ ማኅፀናቸው ለወንድ ሐኪም መናገር ያፍሩ ነበር። እሷ "ጻፉልኝ" አለች፣ በሺዎች ጻፉላት። የሚሰማቸው ሰው ማግኘታቸው ትልቅ ነገር ነበር። የሚያሳዝነው፣ በ1883 ከሞተች በኋላም ድርጅቱ ሴቶች ለእሷ እንዲጽፉ ማስታወቂያ ማውጣቱን ቀጠለ። በ1905 አንድ የሴቶች መጽሔት የመቃብር ድንጋይዋን ፎቶ አትሞ ነው ያጋለጣቸው። እነዚያ ሴቶች ምስጢራቸውን ለሞተች ሴት ይጽፉ ነበር ማለት ነው። ያ በደል ነው።

ሚሚ_ዲሲ

ጋሽ ጋሻው፣ በጣም አመሰግናለሁ፣ ይህን አላውቅም ነበር።

እኔ ገና 31 ነኝ፣ የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የወር አበባዬ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ጡቴ ያብጣል፣ ያመኛል። ሆዴ ይነፋል። ደግሞ በማይረባ ነገር አለቅሳለሁ። ሱፐርማርኬት ውስጥ ቫይቴክስ የሚል አየሁ። "ሆርሞን ያስተካክላል" ይላል። አሁን የእርግዝና መከላከያ ክኒን ላይ ነኝ፣ ለስሜቴ ደግሞ ሴንት ጆንስ ወርት የሚባል ቅጠል እወስዳለሁ። ሁለቱም ተፈጥሯዊ ስለሆኑ አብሬ ብወስድ ችግር አለው?

አዋላጅ_ሊድስ

ሚሚዬ፣ በመጀመሪያ ሴንት ጆንስ ወርቱን። እባክሽ ይህን መልእክት ካነበብሽ ዛሬውኑ ፋርማሲስትሽን ወይም ሐኪምሽን አነጋግሪ።

እኔ እንግሊዝ አገር ሚድዋይፍ ነኝ። ሴንት ጆንስ ወርት ጉበት ውስጥ መድኃኒት የሚሰባብሩትን ኢንዛይሞች ያበዛቸዋል። የክኒንሽ ሆርሞን ሥራውን ሳይሠራ ቶሎ ይወጣል። መከላከያ እየወሰዱ ያረገዙ ሴቶች አሉ። በክንድ የሚቀበረውንም ያዳክመዋል፣ እዚህ አገር መንግሥት በ2014 ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። የኤችአይቪ መድኃኒት ለሚወስድ ሰውማ በጣም አደገኛ ነው። እስክታነጋግሪያቸው ኮንዶም ጨምሩበት። የስሜትሽ ጉዳይ ከባድ ከሆነ ደግሞ ያንን ለብቻው ንገሪያቸው፣ ሌላ መፍትሔ አለው።

ሴንት ጆንስ ወርት ከደጋችን አምጃ ጋር አንድ ወገን ነው። "የገበሬ ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል" የሚል ሰው ብዙ አጋጥሞኛል። ቅጠል መሆኑ ከክኒን አያሳንሰውም።

ቫይቴክስ የሜዲትራኒያን አካባቢ ቁጥቋጦ ነው። የጥንት ግሪኮች ያውቁታል። ሴቶች ብቻ በሚያከብሩት፣ ዴሜጥር በምትባል የእህል አምላካቸው በዓል ላይ ቅርንጫፉን መሬት ላይ አንጥፈው ይቀመጡበት ነበር። በመካከለኛው ዘመን ደግሞ መነኮሳት የሥጋ ፍላጎት እንዲያበርድላቸው ፍሬውን ይበሉ ነበር ይባላል። ከዚህ ሁሉ የዕፀዋት ዝርዝር ውስጥ ከወር አበባ በፊት ለሚመጣ ሕመም ተስፋ የሚሰጠው እሱ ነው። በ2001 በጀርመን የተሠራ ጥናት 170 ሴቶችን ለሦስት የወር አበባ ዙር ተከታትሏል። ፍሬውን ከወሰዱት 52 ከመቶ የሚሆኑት ምልክታቸው ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ባዶ ክኒን ከወሰዱት እንዲህ የሆኑት 24 ከመቶ ናቸው። የሚሠራው አንጎል ውስጥ በዶፓሚን በኩል ፕሮላክቲን የሚባለውን ሆርሞን በመቀነስ ነው ተብሎ ይታመናል። ለዚህም ነው ለጡት ሕመም የሚሻለው።

ግን አንቺ ክኒን ላይ ነሽ። ከሆርሞን መከላከያ ጋር አብሮ እንዲወሰድ አይመከርም። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ የምትሞክር ሴትም ብቻዋን አትጀምረው። ለሥነ አእምሮ ሕመም ዶፓሚን ላይ የሚሠራ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ጨርሶ ሐኪሙን ሳያማክር መንካት የለበትም።

ሚሚ_ዲሲ

ወይኔ! ለመከላከያ ክኒኔ ሐኪም ጋ ስሄድ "ሌላ መድኃኒት ትወስጃለሽ?" ብላኝ "አልወስድም" ነው ያልኳት። ሻይ ቅጠል መስሎኝ። አሁኑኑ እደውላለሁ።

አዋላጅ_ሊድስ

አይዞሽ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። እኔ "መድኃኒት ትወስጃለሽ?" ብዬ አልጠይቅም። "ምን ትጠጫለሽ፣ ምን ትቀቢያለሽ፣ ከአገር ቤት ምን ተላከልሽ?" ነው የምለው። ያኔ ነው ከቦርሳ የሚወጣው።

እርጉዞች ስላላችሁ አንድ ሦስት ነገር ልጨምር።

የራስቤሪ ቅጠል ሻይ እዚህ እንግሊዝ በጣም ይወደዳል። ምጥ ያቀላል ይሉታል። አውስትራሊያ ውስጥ 192 ሴቶች ላይ ተሞክሮ በ2001 ታትሟል። ከ32ኛው ሳምንት ጀምሮ በክኒን መልክ ነው የወሰዱት። የመጀመሪያውን የምጥ ክፍል አላሳጠረም። የመግፊያውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ገደማ አሳጥሯል። ጉዳት አልታየም፣ ጥቅሙም ይህን ያህል ነው። በእርግዝና መጀመሪያ ግን አይጀመርም።

ብሉ ኮሆሽ ግን ሌላ ነገር ነው። ከብላክ ኮሆሽ ጋር በስም ቢቀራረብም ዝምድና የለውም። አሜሪካ ውስጥ ምጥ ለማምጣት የሚሰጡ አዋላጆች ነበሩ። በ1998 እናቱ የወሰደችው ሕፃን የልብ ድካም ይዞ መወለዱ በሕክምና መጽሔት ወጥቷል። አትንኩት።

ፔኒሮያል የሚባለው የናና ዘመድም አለ። በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት "የቀረ የወር አበባ ያመጣል" ሲባል ኖሯል። ዘይቱ ጉበት ያቃጥላል። በ1978 ኮሎራዶ ውስጥ አንዲት የ18 ዓመት ልጅ ጠጥታው ሞታለች። ያልታሰበ እርግዝና የገጠማት እህት ካለች፣ ማንም ሳይፈርድባት የሚያስተናግዳት ክሊኒክ ትፈልግ። በእኔ በኩልም በውስጥ መስመር ልትጽፍልኝ ትችላለች።

ጋሻው_ሊን

ሲስተር፣ ጤና አዳምስ? ባለቤቴ ስታረግዝ እናቷ ከቡናዋ ላይ አንስተውባት ነበር። እኔ ወግ መስሎኝ ነው ያለፍኩት።

አዋላጅ_ሊድስ

እማማ ትክክል ናቸው። ጤና አዳም በአውሮፓም የቆየ የሴቶች ቅጠል ነው። ከጥንት ሮማ ሐኪሞች ጀምሮ የወር አበባ እንዲመጣ፣ ጽንስ እንዲወርድ ሲሰጥ ኖሯል። ብዙ ሲወሰድ ኩላሊትና ጉበትም ይጎዳል። እርጉዝ ሴት ለእነዚያ ወራት ቡናዋን ያለ ጤና አዳም ብትጠጣ ምንም አይቀርባትም።

ስለ ጥንቱ ከተነሳ አንድ ነገር ልበል። ከእነዚህ ነገሮች አንዳንዶቹ ወደ ሆስፒታል ገብተዋል። ኧርጎት በገብስና በአጃ እህል ላይ የሚበቅል ጥቁር ሻጋታ ነው። የጀርመን አዋላጆች ምጥ ለማፋጠን ይሰጡት ነበር። በ1808 ኒው ዮርክ ያለ ስተርንስ የተባለ ሐኪም አሞግሶ ጻፈለት። ሐኪሞቹ ተቀባበሉት፣ የሞቱ ሕፃናት በዙ። በ1824 ሆሳክ የተባለ ሌላ ሐኪም "ከወሊድ በኋላ ደም ለማቆም ብቻ ይሁን" ብሎ አስጠነቀቀ። በ1935 ከሻጋታው ኤርጎሜትሪን የሚባል መድኃኒት ተለይቶ ወጣ። እስከ ዛሬ ከወሊድ በኋላ ደም ሲፈሳት እናት እናድንበታለን። ያው ሻጋታ በእኛው በወሎ፣ ላስታ ውስጥ በፈረንጅ 1977 እና 78 ከስናር ጋር ተቀላቅሎ ተበልቶ የሰው እጅና እግር አድርቋል፣ ሰው ገድሏል። ልዩነቱ መጠኑን ማወቅና ሰዓቱን መምረጥ ነው። ያንን ያመጣው ሕፃናት ከሞቱ በኋላ ቆም ብሎ መቁጠር የጀመረ ሰው ነው።

ፀዳለ_ፍራንክፈርት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይህን ሁሉ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም። መድኃኒት ቤትዬ፣ አንድ የፊት ክሬም የምትሸጥ ሴት ደግሞ "የዱር ያም ቅባት የተፈጥሮ ፕሮጀስትሮን ነው፣ ሆርሞን ከምትውጪ ይሻላል" ብላኛለች። ዋጋው አይቀመስም።

መድኃኒት_ቤት

ገንዘብሽን ያዢ። ይህ ወሬ ከየት እንደመጣ ልንገርሽ። ራስል ማርከር የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት በ1940ዎቹ ሜክሲኮ፣ ቬራክሩዝ ውስጥ አንድ የዱር ያም ሥር አገኘ። ውስጡ ዲዮስጄኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለው። እሱን ላቦራቶሪ ውስጥ በደረጃ ለውጦ ፕሮጀስትሮን ሠራ። ከዚያ በፊት በጣም ውድ የነበረው ሆርሞን ረከሰ። በ1951 እዚያው ሜክሲኮ ከመጀመሪያዎቹ የእርግዝና መከላከያ ክኒኖች አንዳንዶቹ የተሠሩበት ሆርሞን ወጣ። ትልቅ ታሪክ ነው። ግን ለውጡን የሚሠራው ላቦራቶሪው ነው። ሰውነታችን ዲዮስጄኒንን ወደ ፕሮጀስትሮን መለወጥ አይችልም። ጤፍ ፊትሽን ብትቀቢ እንጀራ አይሆንም። በ2001 አውስትራሊያ ውስጥ 23 ሴቶች ላይ ቅባቱ ተሞክሮ በማረጥ ምልክቶች ላይ ለውጥ አላመጣም።

ሆርሞኑንም ብዙ ሰው የሚፈራው በ2002 በአሜሪካ የጡት ካንሰር በዝቶ ስለታየበት ሳያልቅ የተቋረጠው ትልቅ የሆርሞን ጥናት ስላስደነገጠ ነው። እነዚያ ሴቶች በአማካይ 63 ዓመት ነበሩ። አንቺ 50 እንኳ በደንብ አልሞላሽም። ለአንቺ ያለው ጉዳትና ጥቅም ሌላ ሊሆን ይችላል። በቤተሰብሽ የጡት ካንሰር ካለ፣ የደም መርጋት ገጥሞሽ ከሆነ ንገሪያትና ቁጥሩን በአንቺ ላይ ታስላልሽ።

ናዝሬት_ሐይፋ

ሰላም። ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ ካረጥኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ከአንድ ወር በፊት ትንሽ ደም አየሁ፣ ከዚያ ቆመ፣ አሁን ደግሞ መጣ። የማውቃት ሩሲያዊት ጎረቤቴ ለደም የሚሆን ሌዲስ ማንትል የሚባል ቅጠል ሻይ ሰጥታኝ እየጠጣሁ ነው። ቀንሷል። በስንት ጊዜ ነው የሚጠጣው?

አዋላጅ_ሊድስ

እህቴ ናዝሬት፣ ሻዩን አቁሚና ነገ ጠዋት ለማኅፀን ሐኪም ደውዪ። ጠብታም ቢሆን፣ ቢቆምም።

ካረጡ በኋላ ደም የሚያዩ አብዛኞቹ ሴቶች ካንሰር የለባቸውም። የማኅፀኑ ግድግዳ መሳሳት ወይም ውስጡ የበቀለ ትንሽ ሥጋ ሊሆን ይችላል። ግን ከአሥር አንዷ ገደማ ላይ የማኅፀን ካንሰር ይገኛል። ቀድሞ ከተገኘ በአብዛኛው በቀዶ ሕክምና ይድናል። ምርመራው አልትራሳውንድ ነው፣ ግድግዳው ወፍሮ ከተገኘ ትንሽ ናሙና ይወስዳሉ። ቅጠሉ ደሙን ቢቀንሰው እንኳ ምክንያቱን አይነግርሽም።

ፀዳለ_ፍራንክፈርት

ናዝሬትዬ፣ ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ ሐይፋ ያላችሁ እህቶች እባካችሁ አብራችኋት ሂዱ።

ናዝሬት_ሐይፋ

ደነገጥኩ፣ ግን አመሰግናለሁ። ለልጄ አልነገርኳትም ነበር፣ አሁን ነገርኳት። እሷ ደውላ ለሐሙስ ቀጠሮ ይዛልኛለች።

አዋላጅ_ሊድስ

ጎበዝ። ደሙ የጀመረበትን ቀን፣ የምትወስጂውን መድኃኒትና ሻዩን ጭምር ጽፈሽ ያዢ። እስከ ሐሙስ ድረስ ደሙ ከበዛ ወይም ከደከመሽ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ ቀጠሮ አትጠብቂ።

ሚሚ_ዲሲ

ከፋርማሲስቷ ጋር አወራሁ። አዋላጇ ያለችውን ነው ቃል በቃል የደገመችልኝ። ሴንት ጆንስ ወርቱን አቁመሽም መከላከያሽ ወዲያው አይመለስም፣ ለአራት ሳምንት ያህል ኮንዶም ተጠቀሙ አለችኝ። ስለ ስሜቴም ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያዝኩ። ኑሩልኝ።

ፀዳለ_ፍራንክፈርት

እኔም ወሰንኩ። ሐኪሜ ጋ ተመልሼ ስለ ሆርሞኑ በደንብ እጠይቃለሁ። የጉበት ምርመራዬን አይታ ትችያለሽ ካለችኝ ብላክ ኮሆሹን ለሦስት ወር እሞክራለሁ፣ ሌሊት ስንቴ እንደምነቃም እየጻፍኩ። ለውጥ ከሌለ እተወዋለሁ።

የቀረኝ የእህቴ ነገር ነው። ሻዩን ልላክላት ወይስ ልተወው?

መድኃኒት_ቤት

የሻዩን ማሸጊያ ገልብጠሽ ዝርዝሩን አንብቢ። ሊኮሪስ ወይም በጀርመንኛ ዙስሆልትስ የሚል ካለበት አትላኪ። ለማጣፈጫ ብለው ብዙ የሴቶች ሻይ ውስጥ ይጨምሩታል። ፖታሲየም ይቀንሳል፣ ግፊት ይጨምራል፣ መድኃኒቷንም ያበላሽባታል። ብላክ ኮሆሹንም ሐኪሟ ሳያውቅ አትላኪላት። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ስም በፎቶ ትላክልሽና እዚህ ለጥፊው፣ ስሟን ሸፍነሽ። አንድ በአንድ አይልሻለሁ።